«ኮንሲቭ» በማኅፀንም በአእምሮም



በዚህ እትም የምንመለከተው የእንግሊዝኛ ግሥ «ኮንሲቭ» የሚለው ነው። ቃሉ በንባብ መጽሐፍም በክሊኒክም ያጋጥማችኋል፤ ፍቺው ግን በሁለቱ ቦታ አንድ አይደለም።

ምንጩ ላቲን ነው። «ካፔሬ» ማለት መያዝ ወይም መውሰድ ሲሆን ቃሉ ከእርሱ ተወልዶ፣ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። «ሪሲቭ» (ተቀበለ) እና «ዲሲቭ» (አታለለ) የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። የሦስቱም አጻጻፍ አንድ ነው፤ ከ«ሲ» በኋላ «ኢ» ትቀድማለች፣ «አይ» ትከተላለች።

1ኛ/ መፀነስ፦ «ሺ ኮንሲቭድ ኢን ማርች» ማለት በማርች ወር ፀነሰች ማለት ነው።

2ኛ/ ሐሳብን በአእምሮ መጀመር፦ አንድ መሐንዲስ የድልድይ ዕቅድ ሲያፈልቅ ይኸው ግሥ ይነገርለታል። «አይ ካንት ኮንሲቭ ኦፍ ኢት» ሲባል ደግሞ «በሐሳቤ እንኳ ሊመጣልኝ አይችልም» ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአማርኛም ሴት ትፀንሳለች፣ ክፉ ሰውም ተንኮል ይፀንሳል። እንግሊዝኛው «ኮንሰፕት» የሚለውን እኛ «ፅንሰ ሐሳብ» እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ከመካከላችሁ ብዙዎች ለእናቶቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ በክሊኒክ ታስተረጉማላችሁ። ነርሷ «ሀቭ ዩ ኮንሲቭድ ቢፎር?» ብላ ብትጠይቅ ትርጉሙ «ከዚህ በፊት ፀንሰው ያውቃሉ?» ነው። «ወልደው ያውቃሉ?» ብላችሁ ከተረጐማችሁ፣ ፅንስ የወረደባት እናት «የለም» ትላለች። እንዲህ ከሆነ ነርሷ ማወቅ የሚገባት ነገር ሳይጻፍ ይቀራል፤ የዚህኛው እርግዝና ክትትልም ሊጓደል ይችላል።

በቀንም ተጠንቀቁ። ከፅንስ እስከ ልደት 38 ሳምንት ያህል ነው፤ በማርች አጋማሽ የፀነሰች የምትወልደው በዲሴምበር መጀመሪያ ገደማ ነው። የጤና ሠራተኞች ግን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥተው ስለሚቈጥሩ 40 ሳምንት ይላሉ። ስለዚህ የተጠየቀው የትኛው ቀን እንደሆነ ሳትለዩ አትመልሱ። ግራ ከገባችሁ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

መልመጃ፦ «ኮንሲቭ»ን በሁለቱም ፍቺው በሁለት ዓረፍተ ነገር እየጻፋችሁ ለአስተማሪያችሁ አሳዩ።