ያውቁ ኖሯል? ሴራሚክ ጥርስና የቀለሙ ነገር

ሴራሚክ ጥርስ ሊፈጠር የቻለው አንድ መድኃኒት ቀማሚ በጥርሱ መጥፎ ጠረንና ቀለም በመማረሩ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? አሌክሲ ዱሻቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከእንስሳት ጥርስ የተቀረጸ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበረው። ጥርሱም የሚቀምማቸውን መድኃኒቶች ሽታና ቀለም እየመጠጠ አስቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1774 ገደማ ወደ አንድ ፖርሴሊን ፋብሪካ ሄዶ አዲስ ለማሠራት ሞከረ፤ ሸክላው ግን እሳት ሲነካው እየተኮማተረ ልኩን ሳተ። ሥራው ፍሬ ያፈራው ኒኮላ ዱቧ ደ ሸማን የተባለ የጥርስ ሐኪም ከተባበረው በኋላ ነው።

የሴራሚክ ጥርስ ቀለም ከብረታ ብረት ኦክሳይዶች እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? የብረት ኦክሳይድ ቡናማ፣ የቲታኒየም ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ፣ የመዳብ አረንጓዴ፣ የኮባልት ሰማያዊ ይሰጣል። በምድጃ ተተኩሰው ከአካሉ ጋር ስለሚዋሐዱ ሻይም ሆነ ቡና አያስለቅቃቸውም።

ሊቲየም ዳይሲሊኬት የተባለው ሴራሚክ በማሽን ሲቀረጽ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ እንደሆነስ? ወደ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲተኮስ ነው የጥርስ መልክ የሚይዘው።

በአንድ ወቅት ሴራሚክ ጥርስ እንደ ተፈጥሮ ጥርስ እንዲያንጸባርቅ ዩራኒየም ይጨመርበት ነበር። ዛሬ ቦታውን እንደ ሴሪየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ተክተውታል፤ ደግ አደረጉ!

ታዲያ ቡና ጠጪው ሴራሚክ ጥርሱ ሲጠቁርበት ምን ሆኖ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ከላይኛው ገጽ ላይ ነው። የቡና ሲኒ ልባጡ ደህና ሳለ በውኃ ይጠራል፤ ልባጡ ሲፋቅ ግን ቡናው እዚያው ይቀራል። ጥርሱም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ንክሻውን ለማስተካከል ሴራሚኩን ከሞረደው በኋላ መልሶ ካላለሰለሰው ሻካራው ገጽ ቆሻሻ ይይዛል። «አለስልሰውልኛል?» ብሎ መጠየቅ የታካሚ መብት ነው።

አሲድነት ያለው የፍሎራይድ ጄል የሴራሚክን ገጽ ሊበላው እንደሚችልም ይወቁ። ፍሎራይድ ሲቀቡ ሴራሚክ እንዳለዎት አስቀድመው ይንገሩ፤ አሲድ የሌለው አማራጭ አለ።

ቪኒር (በጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሴራሚክ) ቢጫ ሲሆን ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ቪኒር ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሊሳሳ ስለሚችል ከጀርባው ያለውን ሁሉ ያሳያል። ማጣበቂያው የሬዚን ዘር ነው፤ በብርሃንም በኬሚካልም የሚጠነክረው ዓይነት በውስጡ ባለው አሚን የተነሳ በጊዜ ብዛት ሊቀየር ይችላል። በብርሃን ብቻ የሚጠነክረው የተሻለ ቀለሙን ይጠብቃል። ስለዚህ ለስስ ቪኒር የማጣበቂያው ምርጫ የሴራሚኩን ምርጫ ያህል ይከብዳል ባይ ነኝ። ሰው ብዙ ገንዘብ የሚከፍለው ለሚታየው ሴራሚክ ነው፤ ስለማይታየው ግን የሚነግረው የለም።

ከሥሩ ብረት ያለው ክራውንም (ጥርስን ሙሉ የሚሸፍን ቆብ) የራሱ ጣጣ አለው። ብረቱ ውስጥ ብር ካለ ሸክላው ሲተኮስ አረንጓዴ ሊያወጣ ይችላል። ድድ ሲሸሽ ደግሞ በጥርሱ ግርጌ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል፤ ይህ የብረቱ ጠርዝ ነው እንጂ ሸክላው አልጠቆረም።

ጥርስ የሚያነጣው መድኃኒት በሴራሚክ ላይ እንደማይሠራ ያውቁ ኖሯል? ማስነጣት ካሰቡ ሴራሚኩ ከመሠራቱ በፊት ያድርጉት፤ ከዚያም ቀለሙ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ያህል ይታገሡ።

ቀለም የሚመረጥበት የታወቀው የቪታ ናሙና 16 ዓይነት ቀለሞች አሉት፤ ከኤ1 እስከ ዲ4። ምርጫው ቀጠሮው እንደተጀመረ፣ ጥርሱ ሳይደርቅ መሆን አለበት። የደረቀ ጥርስ ከእውነተኛ መልኩ ነጥቶ ይታያልና። ሊፕስቲክዎን ይጥረጉ፤ በመስኮት ብርሃንም ይታይልዎ። በአንድ መብራት ሥር የተመሳሰሉ ሁለት ጥርሶች በሌላ መብራት ሥር ሊለያዩ ይችላሉ።

በስምጥ ሸለቆአችን፣ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የብዙዎችን ጥርስ ቡናማ አድርጎታል። የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ቪኒር እድፉን ከሚሸፍኑ ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ ለሚያድጉት ልጆች ግን የሚያስፈልጋቸው ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውኃ ነው።

የመጨረሻው ደግሞ ብዙዎችን ያስገርማል። ጥሩ ሴራሚክ ቀለሙን ስለማይለውጥ ብቻ ከዓመታት በኋላ ከጎረቤቶቹ ሊለይ ይችላል። የተፈጥሮ ጥርስ በዕድሜ ኢናሜሉ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው ቢጫማ ዴንቲን እየጎላ ይመጣል። ሴራሚኩ በተሠራበት ቀን መልኩ ይጸናል፤ ጎረቤቶቹ ይጠቁራሉ። ያን ጊዜ አንዱን ጥርስ ዳግም ማሠራት ቢያስፈልግ መዝገብ ይጠቅማል። እባክዎ የሴራሚኩን ዓይነት፣ የቀለሙን ቁጥርና የማጣበቂያውን ስም ከሐኪምዎ ጠይቀው ጽፈው ያስቀምጡ።