የይሁዳ እግርም ታጥቧል

በሰሙነ ሕማማት አንሳሳምም፤ እጅ ለእጅም አንጨባበጥም። ልጆች ሳለን ምክንያቱን ስንጠይቅ እናቶቻችን «ይሁዳ ጌታን ስሞ ነው የሸጠው» ይሉን ነበር። በዚያው ሳምንት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ካህናት ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው የሁለቱን ሥርዓቶች ዝምድና ያስተዋልኩት።

ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ነበርኩ። ከፊቴ ተራውን ይጠብቅ የነበረው በሸክም ሥራ የሚያድር የሚመስል ጎልማሳ ነው። የፕላስቲክ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሲዘረጋ አፈረ። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። ሽማግሌው ቄስ አልቸኮሉም። የወይራና የወይን ቅጠሉን ውኃ ውስጥ እየነከሩ ስንጥቁን ሁሉ ዳሰሱት። ሲጨርሱ ጉልበታቸውን ተደግፈው በጭንቅ ተነሡና ወደ እኔ ዞሩ።

እግሬን ስሰጣቸው ሐሳቤ ደጅ ነበር። ስገባ ሕፃን የታቀፈች ሴት እጇን ዘርግታልኝ፣ ኪሴ ውስጥ ብር እያለ «እግዜር ይስጥሽ» ብያት አልፌያለሁ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የራበውን ሰው በመልካም ምኞት ብቻ መሸኘት ምንም እንደማይረባ ይናገራል። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ያን ቀን ግን የተጻፈው ለእኔ መሰለኝ።

ክርስትና እውነተኛ ፍቅር የሚለው ምንድን ነው? የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች በተጠቀሙበት በግሪክኛ ፍቅር ብዙ ስም አለው፤ የወንድና የሴት መፈላለግ ኤሮስ፣ የወዳጅነት ፍቅር ፊሊያ ይባላል። እነሱ አዘውትረው የመረጡት ቃል አጋፔ ነው፤ የሚወደደው ሰው ይገባው እንደሆነ ሳይመዝን ለእርሱ በጎውን የሚሻ ፍቅር ማለት ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ሲያብራራው የቋንቋ መምህርን የሚያስደንቅ ነገር አደረገ፤ ቅጽል እየደረደረ አላሳመረውም። መታገሥ፣ አለመቅናት፣ አለመታበይ፣ በደልን አለመቁጠር እያለ በግስ ነው የዘረዘረው። ፍቅር ሰው የሚያደርገው፣ ወይም ላለማድረግ ራሱን የሚገታበት ነገር ነው። ዛሬ ያን ምዕራፍ በሠርግ ላይ እናነበዋለን። የተጻፈው ግን እርስ በርስ ለሚካሰሱ፣ አብረው ለማዕድ ሲቀመጡ አንዱ ጠግቦ ሌላው ለሚራብባቸው ምእመናን ነበር።

ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 13 ላይ ግሱን በሥራ ያሳየናል፤ ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጥባል። በዚያ ዘመን የእንግዳን እግር ማጠብ የአገልጋይ ሥራ ነበር፤ ጴጥሮስም መምህሩ ጎንበስ ሲልበት እሺ አላለም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላው ነው። ይሁዳ ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ ጨለማው የወጣው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። ክርስቶስ ማን አሳልፎ እንደሚሰጠው እያወቀ እርሱንም አልዘለለውም። የይሁዳ መሳም ፍቅር የሌለበት የፍቅር ምልክት ነበር፤ የክርስቶስ ፍቅር ደግሞ እስከ አሳልፎ ሰጪው እግር ድረስ ዝቅ ያለ።

በሉቃስ 10 ያለው ደጉ ሳምራዊም እንዲሁ ነው። አይሁድና ሳምራውያን አይተባበሩም ነበር። ሳምራዊው ግን ቁስለኛውን ወገኑ ስለመሆኑ አልጠየቀውም። ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፤ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወደ እንግዳ ማረፊያ ወሰደው። ለማረፊያው ባለቤት የሰጠው ሁለት ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ ያህል ነው፤ የጎደለውንም ስመለስ እከፍላለሁ አለ።

ይህ ምሳሌ ለሐዋሳ ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ ሰው በማንነቱ የተጠቃበት ግጭት በከተማችን ተነሥቶ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። በዚያ ጭንቅ የእኛ ሰፈር አንዲት እናት ቋንቋቸው ሌላ የሆነ ጎረቤቶቿን ጓዳዋ ውስጥ ሦስት ሌሊት አሳደረች። ስለ ፍቅር ስትሰብክ ሰምቻት አላውቅም። «ምን ላድርግ፣ ልጆቹ እኮ እጄ ላይ ነው ያደጉት» ብቻ ነው ያለችኝ።

እንዲህ ያለ ፍቅር በሥራ ካሳዩት መካከል ወይዘሮ አበበች ጎበናን አብዛኞቻችን እናውቃቸዋለን። በ1973 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው በድርቅ የተጎዳውን ሕዝብ አዩ፤ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃንም አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደረሱ። ለእነሱ ሲሉ ትዳራቸውንና ቤታቸውን አጡ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። መስቀሉን ለመሳለም የሄዱት ወደ ግሸን ነበር፤ መስቀሉን ግን መንገድ ላይ አገኙት።

አማርኛችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። ቢጤ ማለት አምሳያ፣ እኩያ ነው። ይህን ስያሜ ያወጡት አባቶቻችን እጁን የዘረጋውን ሰው ሲያዩ ራሳቸውን አይተዋል። እኔ ቃሉን ለተማሪዎቼ ስፈታ ኖሬ፣ ያቺ ሕፃን የታቀፈች ሴት በሩ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አላወቅኋትም።

ያን ሐሙስ ስወጣ ፈለግኋት፤ የለችም። ያገኘኋት ከፋሲካ በኋላ ነው። ስሟን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ብር ላወጣ ስል የልጇ ትኩሳት ሦስት ቀን እንደሆነው ጨምራ አወራችኝ፤ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር። እሷ ካርድ ልታወጣ ስትሰለፍ ልጁን ተቀብያት አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።