በፊት እግሩ የሚስብ የክብር መኪና

ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በተዘረጋው ጎዳና፣ ከዚያም በገርጂና በመገናኛ በኩል እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ ከሚመላለሱት አውቶሞቢሎች መካከል፣ የጀርመን አገር ሥራ የሆኑት መርሴዲስና ቢ ኤም ደብሊው ከማዕረግ ምልክት ተቆጥረው የኖሩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የባለቤታቸውን ክብር ከሩቅ የሚያውጀው በኮፈናቸው ላይ ያለው ዓርማ እንጂ ከሆዳቸው ሥር የተሰወረው አሠራር ስላልሆነ፣ ይኸው አሠራር በዘመናችን በትናንሾቹ ላይ ከመሠረቱ ሲለወጥ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

የቀደመው ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ ሞተሩ ከፊት በቁመቱ ይቀመጣል፤ ካምቢዮው ከኋላው ይከተላል፤ ከካምቢዮው የሚነሣው ረጅም ዘንግ በወለሉ ሥር አልፎ ኃይሉን ለሁለቱ እግሮች ከሚያካፍለው ከዲፈረንሻሉ ሲደርስ የኋላውን እግር ያዞራል። የፊቱ እግር ለመምራት፣ የኋላው ለመግፋት ተለይተው ስለ ተመደቡ መሪው ከሞተሩ ጉልበት ጋር ሳይታገል ለነጂው ይታዘዛል፤ ነዳጅ በተረገጠም ጊዜ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ገፊው እግር መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። ቢ ኤም ደብሊው ስሙን ያጸናው በዚህ ነው። ሥርዓቱ የባለጸጎች ብቻ እንዳልነበረ ግን የአዲስ አበባ ሰው ይመሰክራል፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ሕዝቡን ስታመላልስ የኖረችው ላዳ የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ የተሠራች ናትና፣ እርሷም የምትገፋው በኋላ እግሯ ነበር።

ሁለተኛው ሥርዓት ኃይልን ሁሉ ከፊት ይጠቀልላል። የፈረንሳዩ ሲትሮየን እ.ኤ.አ. በ1934 በፊት እግሩ የሚስበውን መኪና በብዛት ማውጣት ጀመረ፤ አሌክ ኢሲጎኒስ የተባለው መሐንዲስም በ1959 ለወጣችው ለትንሿ ሚኒ ሞተሩን በአግድም አስተኝቶ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ከእርሱ ጋር ስላዋሐደ፣ ረጅሙ ዘንግ ቀረ፤ ዘንጉ የሚያልፍበት ጉብታም ከወለሉ ተወግዶ ከኋላ በመካከል የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አገኘ። ክብደትና ወጪ ስለሚቀንስም አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች በዚሁ ፍኖት ተጓዙ፤ ዛሬ በየመንገዱ የምናያት ቪትዝ የዚህ ሥርዓት ልጅ ናት።

የክብር መኪና ሠሪዎች ግን ትውፊታቸውን በቶሎ አልለቀቁም። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1997 ኤ ክላስ የተባለውን ትንሽ መኪና በፊት እግር አስነሣ፤ ቢ ኤም ደብሊው በራሱ ስም በፊት እግሩ የሚስብ መኪና እስኪያወጣ እ.ኤ.አ. 2014 ደረሰ፤ በ2019ም የታናሹን የ1 ሲሪስን አሠራር ለወጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ በትንሽ መኪና ውስጥ ረጅሙ ሞተርና ዘንጉ የሰውን ስፍራ ይሻማሉ፤ ቢ ኤም ደብሊው የሚኒ ባለቤት ስለሆነም አንዱን መሠረት ለሁለቱ ማዋል ወጪውን ያቃልልለታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ2010 የኩባንያው አለቃ ኖርበርት ራይትሆፈር የገለጠው ነው፤ የ1 ሲሪስ ባለቤቶች ቢጠየቁ ከመቶው 80 የሚሆኑት፣ በኋላ እግሩ የሚገፋውን መኪናቸውን በፊት እግሩ የሚስብ አድርገው ያስቡት ኖሯል።

ለምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ልዩነት ከንቱ ሐተታ አይደለም። በክረምት፣ በጎሮ ወይም በሰሚት ውስጥ ለውስጥ ጭቃ ላይ፣ የሞተሩ ክብደት ያረፈበት የፊት እግር መሬቱን ቆንጥጦ መኪናውን ይስባል፤ አምስት ሰውና ሙሉ ጓዝ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ያው እግር ባዶውን ሊሽከረከር ይችላል። መምራትም መሳብም ስለተጫነበት የፊቱ ጎማ ቀድሞ ያልቃል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ከእግሩ በስተጀርባ ቢያጎነብስ፣ የሞተሩን ኃይል ወደ እግሩ የሚያደርሰውን የጆይንቱን የጎማ ሽፋን ያያል፤ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው በቸርኬው ውስጠኛ ፊት ላይ ተረጭቶ ከተገኘ፣ በአደባባይም ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ጆይንቱ ተበልቷልና ዋጋው ይቀነስ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ጎዳናውን የኤሌክትሪክ መኪኖች እየወረሱት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ትንሽ በመሆኑ በየትኛውም እግር አጠገብ ይቀመጣል። ስለዚህም ባለ አንድ ሞተሩ ቮልስዋገን አይዲ 4 በኋላ እግሩ ሲገፋ፣ ትንሿ የቢዋይዲ ሲጋል በፊት እግሯ ትስባለች፤ ረጅሙ ዘንግ ግን በሁለቱም የለም።

እንግዲህ መኪና ለመግዛት የተነሣ ወዳጄ ሆይ፣ ዓርማውን ከማድነቅህ በፊት የሚያንቀሳቅሰው የትኛው እግር እንደ ሆነ ጠይቅ፤ የምትወጣውን ዳገትና የምትጭነውን ሰው አስበህም ምረጥ፤ ክብር በኋላ እግር ይኖራል የሚለውን አሳብ ሠሪዎቹ ራሳቸው በትናንሽ መኪኖቻቸው ትተውታልና።