አፈር የማይገለብጠው ማረሻ

በአገራችን ካሉ መሣሪያዎች ሁሉ ያለ አግባብ የተናቀው ማረሻ ነው ብል አላጋነንኩም። ገበሬው ከብረቱ በቀር ሁሉንም ራሱ ይሠራዋል። መጥረቢያ፣ መሮ፣ ከአካባቢው የተቆረጠ እንጨትና ጥቂት ጠፍር ይበቁታል። ብረቱን ባለእጅ ቀጥቅጦ ይሰጠዋል።

ክፍሎቹን ገጠር ያደገ ያውቃቸዋል፦ በእጅ የሚጨበጠው እርፍ፣ እስከ በሬዎቹ የሚዘረጋው ሞፈር፣ ግራና ቀኝ የሚገባው ድግር፣ ድግርና ብረቱን የሚያያይዘው ወገል፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ምራን። ቀንበሩ ተጨምሮ ክብደቱ በአብዛኛው ከ17 እስከ 26 ኪሎ ስለሆነ ገበሬው በትከሻው ተሸክሞት ይገባል።

«ማረሻ አፈር አይገለብጥም፤ ስለዚህ በቅጡ አያርስም» የሚሉ የተማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያናድዱኛል። አዎ፣ አይገለብጥም። ሹሉ ብረት መሬቱን ይሰነጥቃል፤ ድግሩ የተፈታውን አፈር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል። ፈሩ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ስለሚሆን በሁለት ፈር መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል። ገበሬው በሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን አቋርጦ የሚያርሰው ያንን ለማግኘት ነው። ለጤፍ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ጊዜና ከዚያም በላይ ይመላለሳል፤ ፍሬዋ በጣም ደቃቅ ስለሆነች ጓል መካከል ከወደቀች ትጠፋለችና።

የመጀመሪያው እርሻ የሚውለው ደግሞ መሬቱ ደርቆ በጠጠረበት፣ በሬዎቹም በበጋው መኖ እጥረት በከሱበት ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ አፈር ገልባጭ ከባድ ማረሻ ጎትቱ ማለት በሬ መግደል ነው። የእኛው ማረሻ በመጀመሪያ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይገባል። መሬቱ ሲርስና ሲላላ በየዙሩ እየጠለቀ ይሄዳል።

እንዴት ይጠልቃል? ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ አባት ይህንኑ ብጠይቃቸው በሬዎቹን አቁመው ምራኑን ፈቱ፤ ወደ ሞፈሩ ጫፍ ገፋ አድርገው መልሰው አሠሩና «ተመልከት ልጄ» አሉኝ። ሞፈሩ ሲረዝም ዘንበል ይላል፤ የማረሻው አፍንጫ ወደ ታች ይደፋል፤ ጠለቀ! ሲያጥር አፍንጫው ቀና ይላል። በአንድ ጠፍር ጥልቀትን ማስተካከል፣ ያለ ብሎን፣ ያለ መፍቻ። ከዚህ የሚበልጥ ንድፍ አላየሁም።

ጉድለት አለበት። አቋርጦ ማረስ በተዳፋት ላይ አንዱን ዙር ቁልቁል ያደርገዋል። የመጨረሻውን ዙር ቁልቁል የምታርሱ ሰዎች፣ ፈሩ የጎርፍ ቦይ ሆኖ አፈራችሁን እንደሚወስደው እወቁ! በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት መመላለስም ከሥር ጠጣር ንጣፍ ያበጃል።

መሻሻል ግን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ውሃ ለሚቋጥረው ጥቁር አፈር ሰፊ መደብ ማበጃ ሲሠራ የተነሣው ከሁለት ማረሻ ነው፤ አጣምሮ አንድ አደረጋቸው።

በየብየዳ ቤቱ ለጓሮና ለትንሽ ማሳ ማረሻ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ፣ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ የእርሻ ቀን ከገበሬ ጋር ዋሉ፤ እርፉንም ጨብጡ። የምትሠሩትም ማሳ ላይ ሲሰበር ባለቤቱ እዚያው በመጥረቢያና በጠፍር ሊጠግነው የሚችል ይሁን።