ሰባት ቀን በባቡር

ሰው ከቦታ ወደ ቦታ በልዩ ልዩ መንገድ ይሄዳል። ቅርብ ከሆነ በእግሩ ይሄዳል። ራቅ ካለ በቅሎውን ይጭናል፤ ወይም በአውቶቡስ ይሳፈራል። መንገዱ በጣም ሩቅ ሲሆንና መንገደኛው ሲበዛ ግን ባቡር ያስፈልጋል።

ስለ ባቡር በማታ ትምህርት ላይ አንስተን ነበር። «ሳይወርዱ ሰባት ቀን የሚኬድበት ባቡር አለ» ብለን ስንናገር ሰው ሁሉ ሳቀ። አንድ አባት ብድግ ብለው፣ «እናንተ ልጆች፣ ሰባት ቀን ሙሉ ሰውየው የት ይተኛል? ምንስ ይበላል?» አሉን። አንዲት እናት ደግሞ፣ «ከሄደ በኋላ አገሩ ባይስማማውስ መመለስ ይችላል?» ብለው ጠየቁን።

ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ስለዚህ መልሳቸውን በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን። የእናትየዋ ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። እሱን ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

መንገዱ ከየት እስከ የት ነው?

ይህ የባቡር መንገድ የሚገኘው በሩሲያ ነው። ሳይቤሪያ የሚባለውን ሰፊ አገር አቋርጦ ስለሚያልፍ የሳይቤሪያ የባቡር መንገድ ይባላል። ከዋናው ከተማ ከሞስኮ ይነሣል። ወደ ምሥራቅ ሄዶ ሄዶ ቭላዲቮስቶክ ይደርሳል። ቭላዲቮስቶክ የወደብ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ ባሕር እንጂ ሐዲድ የለም።

የመንገዱ ርዝመት 9,288 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ምን ያህል ነው? ከአዲስ አበባ ጂቡቲ በባቡር ስድስት ጊዜ ሄዶ ስድስት ጊዜ እንደ መመለስ ያህል ነው።

ሞስኮ ያለችው በአውሮፓ ነው። ባቡሩ 1,777 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ በኡራል ተራሮች ላይ አንድ ሐውልት ያልፋል። ሐውልቱ የአውሮፓና የእስያ ወሰን ምልክት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሁሉ በእስያ ውስጥ ነው። ሜዳ አለ፤ ረግረግ አለ፤ ቀን ከሌሊት ቢሄዱበት የማያልቅ ጫካ አለ። ትላልቅ ወንዞችም አሉ። ባቡሩ በባይካል ሐይቅ ዳር ለዳር ለሰዓታት ይጓዛል። ባይካል በዓለም ላይ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የጠለቀ ነው። ጥልቀቱ 1,642 ሜትር ነው። ስፋቱም የጣናን አሥር እጥፍ ያህላል።

ሰው የት ይተኛል? ምን ይበላል?

ባቡር አንድ ጎታችና ከኋላው የተቀጣጠሉ ብዙ ፉርጎዎች አሉት። በሩቅ መንገድ ባቡር ላይ ፉርጎው መኝታ ቤት ነው። አልጋዎቹ ከግድግዳው ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ነው። ክፍያው ከፍ በሚለው ፉርጎ ውስጥ ዘጠኝ ክፍሎች አሉ። በእያንዳንዱ ክፍል አራት ሰው ስለሚተኛ በጠቅላላው 36 ሰው ይይዛል። ዋጋው ረከስ የሚለው ፉርጎ ግን በበር የተዘጋ ክፍል የለውም። 54 ሰው በአንድነት ይተኛበታል። ሕፃን ቢያለቅስ ሁሉም ይሰማል። አንዱ ቢያንኮራፋ ሁሉም ይነቃል። ቢሆንም ብዙ ሰው የሚሄደው በዚህኛው ነው። ሲነጋ ሲመሽ አብረው ስለሚቆዩ ሰዎቹ እንደ ጎረቤት ይሆናሉ።

ለፉርጎው አስተናጋጆች አሉት። ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። አንዱ ሲሠራ አንዱ ይተኛል። ትኬት ያያሉ፤ አንሶላ ያድላሉ፤ ይጠርጋሉ። መንገደኛው የሚወርድበት ጣቢያ ሲቃረብ ሌሊትም ቢሆን ይቀሰቅሱታል። በብርድ ወራት ፉርጎው እንዲሞቅ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። በሳይቤሪያ የብርድ ወራት ከውጭ ያለው ውሃ ሁሉ ድንጋይ ይሆናል። እሳቱ ቢጠፋ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

በፉርጎው ጫፍ ትልቅ የውሃ ማፍያ አለ። ቀንም ሌሊትም የፈላ ውሃ ይገኝበታል። መንገደኛው ኩባያውን ይዞ ይሄድና ሻዩን ያፈላል። ምግብ የሚሸጥበት ፉርጎም አለ። ነገር ግን ብዙ ሰው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይሳፈራል። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች፣ የደረቀ ዓሣ ይይዛል። ስንቅ ያለው የሌለውን ይጋብዛል። በአንዳንድ ጣቢያ ደግሞ የአካባቢው ሴቶች በቤታቸው የጋገሩትንና የቀቀሉትን ይዘው ባቡሩን ሲጠብቁ ኖረዋል። በባይካል አካባቢ በጭስ የደረቀ ዓሣ ይሸጣል። ባቡሩ በትልቅ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊቆም ይችላል፤ በትንሽ ጣቢያ ግን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ገበያ ሲከራከር የቆየ ሰው ባቡሩ ጥሎት ይሄዳል።

አንድ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። ፀሐይ ከምሥራቅ ስለምትወጣ ለምሥራቁ ሰው ቶሎ ይነጋለታል። በሞስኮ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ በቭላዲቮስቶክ ከጧቱ አንድ ሰዓት ነው። ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነው። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገደኛ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ይጎድልበታል። እስከ 2018 ድረስ በጣቢያዎቹ ሁሉ ያሉት ሰዓቶች የሞስኮን ሰዓት ይቆጥሩ ነበር። ገና ሲነጋ የጣቢያው ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው ይል ነበር። ትኬቱ ላይም የሚጻፈው የሞስኮ ሰዓት ነበር። ይህን ያላወቀ መንገደኛ ባቡሩ ያመልጠው ነበር። ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ያነበቡትን መረዳት ያስፈልጋል።

ሐዲዱ አራት ጣት ቢሰፋ

የባቡር እግር ብረት ነው። የሚሄድበትም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ብዙ ስለማይታገል፣ አንድ ጎታች እጅግ ብዙ ጭነት ይስባል። በእግሩ ውስጠኛ ወገን ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ያ ከንፈር ከሐዲዱ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ስለዚህ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ከባቡሩ እግር ጋር መስማማት አለበት።

በሩሲያ ስፋቱ 1,520 ሚሊ ሜትር ነው። በቻይና 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 85 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራት ጣት ያህል ማለት ነው። አራት ጣት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የአንዱ አገር ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ እንዳይሄድ ይከለክላል። ከቤይጂንግ በሞንጎሊያ አድርጎ ሞስኮ ይሄድ የነበረው ባቡር ቻይናና ሞንጎሊያ ድንበር ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። ፉርጎዎቹ ሰው እንደ ተሳፈረባቸው አንድ በአንድ ወደ ላይ ይነሡ ነበር። ከሥራቸው ያለው እግር ወጥቶ ሌላ ይገባላቸው ነበር። ይህ ሥራ ሰዓታት ይፈጅ ነበር።

በእኛም አገር ይህን አይተነዋል። የድሮው የጂቡቲና የአዲስ አበባ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም።

ሐዲዱን ማን ሠራው?

ከሐዲዱ በፊት ሳይቤሪያን ማቋረጥ ወራት ይፈጅ ነበር። አንቶን ቼኾቭ የሚባል የታወቀ ደራሲና ሐኪም በ1890 ከሞስኮ ተነሥቶ ሳካሊን ወደሚባል ደሴት ሄደ። የደሴቱን እስረኞች ኑሮ ለማየት ፈልጎ ነው። በሳይቤሪያ ውስጥ ብዙውን መንገድ የሄደው በፈረስ ጋሪ ነው። ጉዞው ሦስት ወር ያህል ፈጀበት።

የሐዲዱ ሥራ በ1891 ተጀመረ። እስከ መጨረሻው የተገናኘው በ1916 በአሙር ወንዝ ላይ ትልቁ ድልድይ ሲያልቅ ነው። ሥራው 25 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። የሠሩት ገበሬዎች፣ ወታደሮችና እስረኞች ናቸው። ከቻይናና ከኮሪያ የመጡ ሠራተኞችም ነበሩበት። መሣሪያቸው ዶማ፣ አካፋ፣ መጥረቢያና የእጅ ጋሪ ነበር። መሬቱ በብርድ ወራት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በበጋ ረግረግ ይሆናል። ብዙ ሰው በበሽታና በአደጋ አልቋል።

በ1904 ሩሲያና ጃፓን ጦርነት ገጠሙ። በባይካል ዳር ያለው ሐዲድ ገና አላለቀም ነበር። ወታደር ቶሎ መድረስ ስላለበት፣ ሐዲድ በረጋው ሐይቅ ላይ ተነጠፈ። ለሙከራ የተላከው ጎታች ግን በረዶው ተሰንጥቆ ሰጠመ። ከዚያ በኋላ ፉርጎዎቹን በፈረስ አስጎተቱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።

በሐዲዱ ማን ሄደ?

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ እንመጣለን።

ብዙው የሩሲያ ገበሬ እስከ 1861 ድረስ የባለርስት ገባር ነበር። በ1861 ነፃ ወጣህ ተባለ። ነገር ግን መሬቱ አነሰው፤ ላገኘውም መሬት ለብዙ ዓመት ዕዳ ሲከፍል ኖረ። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ መንግሥት ወደ ሳይቤሪያ ለሚሄድ ገበሬ የባቡሩን ክፍያ ቀነሰለት። ከ1906 እስከ 1914 ባሉት ዓመታት ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ሄደ። ለእነሱ የተዘጋጀው ፉርጎ በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብትና የእርሻ መሣሪያ ይጫንበት ነበር።

ብልህ የሆኑት ገበሬዎች ዝም ብለው አልተነሡም። አስቀድመው ከመካከላቸው አንድ የሚያምኑትን ሰው መርጠው ይልኩ ነበር። ያ ሰው አፈሩን ያያል፤ ውሃውን ይቀምሳል፤ ጫካው ቅርብ መሆኑን ይመለከታል። ተመልሶም ያየውን ለሰዎቹ ይነግራል። ከዚያ በኋላ ይመክራሉ፤ ይሄዳሉ ወይም ይቀራሉ።

ከሄዱት መካከል ብዙዎች ጥሩ ኑሮ አገኙ። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ደግሞ መሬቱ ወይም ብርዱ አልስማማ ብሏቸው፣ ገንዘባቸውም አልቆ ተመለሱ። ደግሞም አገሩ ባዶ አልነበረም። የካዛክና የቡርያት አርቢዎች ከጥንት ጀምሮ ከብታቸውን የሚያሰማሩበት ነበር። ሠፋሪው ሲመጣ የእነሱ ግጦሽ ጠበበ። አንዱ መሬት አገኘ ሲባል፣ መሬቱ ከማን እንደ ተወሰደ መጠየቅ ይገባል።

በዚሁ ሐዲድ ላይ ሳይጠየቁ የተጫኑም አሉ። በ1937 በስታሊን መንግሥት ትእዛዝ በቭላዲቮስቶክ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ 172,000 ያህል ኮሪያውያን ከየቤታቸው ተነሥተው በባቡር ወደ ካዛክስታንና ወደ ኡዝቤኪስታን ተወሰዱ። አብዛኞቹ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ሰብላቸውንና ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። የተጫኑት በዕቃ ፉርጎ ነው። መንገዱ ብዙ ሳምንት ፈጀ። ሕፃናትና ሽማግሌዎች በመንገድ ላይ ሞቱ። ከደረሱም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከተመደቡበት አገር እንዳይወጡ ተከለከሉ። ለገበሬ ሠፋሪዎች የተሠራው ዓይነት ፉርጎ ራሱ፣ ኋላ እስረኛ ማጓጓዣ ሆነ። «ስቶሊፒን» የሚባል ስሙም አብሮት ቀረ። ስሙ የተወሰደው ሠፈራውን ካካሄዱት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከፒዮትር ስቶሊፒን ነው።

መልሱ ምንድን ነው?

ዛሬ በዚህ ሐዲድ የሚሄደው ሰው ትኬቱን ቆርጦ በፈቃዱ ይሳፈራል። ተማሪ አለ፤ ወታደር አለ፤ ልጇን ለማየት የምትሄድ አሮጊት አለች። ከ2002 ጀምሮ መንገዱ በሙሉ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ቀኑ ያጥራል። ቢሆንም በየትንሹ ከተማ የሚኖረው ሰው የሚተማመነው በባቡሩ ነው።

ባቡር ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ባቡሩ የጫነውን አይጠይቅም። ሐዲድ ወደ ሁለቱም ወገን ያስኬዳል፤ ለኮሪያውያኑ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰው ለሩቅ መንገድ ሲነሣ ስለ ስንቁና ስለ መኝታው ብቻ አይጠይቅ። «አገሩን ማን አየልኝ? የማን መሬት ነው? ባይስማማኝ መመለስ እችላለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። እናትየዋ የጠየቁን ይህንኑ ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በባቡሩ ላይ የፉርጎው አስተናጋጅ ሥራ ምን ምን ነው?
2. የሩሲያና የቻይና ሐዲድ ስፋት በምን ያህል ይለያያል? ይህ ልዩነት ምን ችግር ያመጣል?
3. ገበሬዎቹ አስቀድመው አንድ ሰው መላካቸው ለምን ጠቀማቸው?
4. በ1906 የሄዱት ገበሬዎችና በ1937 የተወሰዱት ኮሪያውያን በምን ይለያያሉ?
5. እናንተ ወደማታውቁት ሩቅ አገር ብትሄዱ በመጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ? ጥያቄዎቻችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።