የላፕቶፕ ምዘና ነጥብ ከሥራው ጠባይ ጋር ሊገናዘብ ይገባል

ባህር ዳር፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላፕቶፕ በጨረታ ሲገዙ ከዋጋው ባሻገር መሣሪያው የተፈተነበትን መንገድ መመርመር ይኖርባቸዋል። ለአንዱ ሥራ ብልጫ ያለው ላፕቶፕ ለሌላው የገንዘብ ብክነት ሊሆን ይችላል።

ፍጥነት የሚለካው ተመሳሳይ ፕሮግራም በተለያዩ ላፕቶፖች ላይ በማሠራትና የፈጀውን ጊዜ በማነጻጸር ነው። ይሁን እንጂ ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ከጉዳት ለመከላከል ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የጥቂት ደቂቃዎች ፈተና በቂ አይደለም። ከባህር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ባህር ዳር ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ የማቀዝቀዣው ፋን ሙቀት የማስወገድ አቅሙ ይቀንሳል።

የባትሪ ቆይታ የሚፈተነው የስክሪኑን ብርሃን በአንድ ልክ ወስኖ፣ ላፕቶፑ እስኪጠፋ ድረስ ቪዲዮ በማሳየት ወይም ድረ ገጾችን በመክፈት ነው። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ላፕቶፑ 10 ዋት ሲጠቀም 5 ሰዓት፣ 25 ዋት ሲጠቀም ግን 2 ሰዓት ብቻ ያገለግላል። በመሆኑም አምራቾች «እስከ» ብለው የሚገልጹት ሰዓት በምን ዓይነት ሥራ እንደተገኘ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥንካሬን በተመለከተ ብዙ አምራቾች ሚል-ኤስቲዲ-810 የተሰኘውን የአሜሪካ ጦር የፈተና ደረጃ ይጠቅሳሉ። ደረጃው የንዝረት፣ የአቧራና የዝቅተኛ አየር ግፊት ፈተናዎችን ጭምር ቢይዝም የትኞቹ እንደሚካሄዱ የሚመርጠው አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ገዥው የተካሄዱትን ፈተናዎች ዝርዝርና ውጤት በጽሑፍ ማግኘት አለበት።

ጠቅላላ ነጥቡን የሚወስነው ለየመመዘኛው የሚሰጠው ክብደት ነው። ለምሳሌ አንደኛው ላፕቶፕ ከ10 በፍጥነት 9፣ በባትሪ 5፤ ሁለተኛው በፍጥነት 6፣ በባትሪ 8 ቢያገኙ፣ ለፍጥነት 70 በመቶ፣ ለባትሪ 30 በመቶ ሲሰጥ አንደኛው 7.8 ለ6.6 ይበልጣል። በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ተጉዞ መረጃ ለሚሰበስብ ባለሙያ ክብደቱ ሲገለበጥ ግን ሁለተኛው 7.4 ለ6.2 ያሸንፋል።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 የቴክኒክ ዝርዝር መግለጫ በንግድ ምልክት ላይ እንዳይመሠረት ደንግጎ ነበር። በአንድ የምርት ስም ፋንታ የባትሪ ሰዓትን፣ የፈተና ዓይነትንና የየመመዘኛውን ክብደት በጨረታ ሰነድ ላይ አስቀድሞ ማስፈር ለተጫራቾች እኩል ዕድል ይሰጣል፤ የመንግሥትና የሕዝብ ገንዘብም ለታለመለት ሥራ እንዲውል ያግዛል።