ፓሲቭ ኤፍቲፒ፦ ፖርቶቹና ፋየርዎሉ

ኤፍቲፒ ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ አብሃይ ቡሻን በ1971 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ዛሬ ሰርቨሮች የሚመሩበት ደንብ ደግሞ የ1985ቱ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ በ2021 ቢተዉትም፣ የቢሮ ስካነሮች፣ የጥበቃ ካሜራዎችና የድረ ገጽ አስተናጋጆች አሁንም ይሠሩበታል። «ያረጀ ነው፣ አይሠራም» ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ነው፤ ችግሩ በትክክል ያልተዘጋጀ ፋየርዎል ነው።

ኤፍቲፒ ሁለት መስመር ይጠቀማል። ትእዛዙ በፖርት 21 ይሄዳል፤ የፋይሉ ይዘት፣ የፋይሎች ዝርዝር እንኳ ሳይቀር፣ ለብቻው በሚከፈት ሌላ መስመር ያልፋል። በአክቲቭ ዘዴ ሁለተኛውን መስመር የሚከፍተው ሰርቨሩ ስለሆነ፣ የተጠቃሚው ራውተር ወይም ፋየርዎል ብዙ ጊዜ ያግደዋል። በፓሲቭ ዘዴ ግን ሰርቨሩ አንድ ፖርት ከፍቶ ይጠብቃል፤ ሁለቱንም መስመር የሚጀምረው ተጠቃሚው ነው። ስቲቨን ቤሎቪን በ1994 ይህ ዘዴ ለፋየርዎል እንደሚመች አስረድቶ፣ የተጠቃሚ ፕሮግራሞች እንዲይዙት መክሯል።

«ፓሲቭ ከሆነ የፋየርዎል ጣጣ የለም» የሚለው እምነት የመጣው ከዚህ ነው፤ ስሕተትም ነው። ጣጣው ከተጠቃሚው ወደ ሰርቨሩ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ፖርት 21ን ብቻ ከፍቶ ሥራው አለቀ የሚል አስተዳዳሪ የሚያገኘው ውጤት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ይገባል፣ የፋይሎቹን ዝርዝር ሲጠይቅ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ከቆይታ በኋላ ግንኙነቱ ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ የይለፍ ቃል መቀየርም ሆነ ሰርቨሩን ደጋግሞ ማስነሣት ከንቱ ድካም ነው። ፖርት 20ን መክፈትም አይረዳም፤ እሱ የአክቲቭ ዘዴ ፖርት ነው።

መልሱ ያለው ሎጉ ላይ በ227 በሚጀምረው የሰርቨሩ ምላሽ ውስጥ ነው፤ ሎግ የሚያነብ ሰው ይህን መስመር ማለፍ የለበትም። ከ227 በኋላ በቅንፍ ውስጥ ስድስት ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ለምሳሌ 192,168,1,10,238,112። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተጠቃሚው የሚገናኝበት አይፒ አድራሻ ናቸው። አምስተኛው በ256 ተባዝቶ ስድስተኛው ሲደመርበት ፖርቱ ይገኛል፦ 238 ሲባዛ በ256 ውጤቱ 60928 ነው፤ 112 ሲደመር 61040 ይሆናል። በፋየርዎሉ ላይ 61040 ካልተከፈተ ዝርዝሩ አይመጣም።

በዚሁ ምሳሌ ሁለተኛ ችግርም አለ። 192.168.1.10 የውስጥ ኔትወርክ አድራሻ ስለሆነ ከውጭ አይደረስበትም። ከራውተር ጀርባ ወይም በክላውድ ላይ ያለ ሰርቨር ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የውስጥ አድራሻውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሕዝብ አድራሻው በሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ፋይልዚላ የተባለው የተጠቃሚ ፕሮግራም እንዲህ ያለ የማይደረስ አድራሻ ሲያይ ትቶት በሰርቨሩ የውጭ አድራሻ ይሞክራል። ለተጠቃሚው ጥሩ ነው፤ አስተዳዳሪውን ግን ያዘናጋል፦ በፋይልዚላ ሞክሮ «ይሠራል» ይላል፣ የቢሮው ስካነር ግን አይልክም። በ1998 የተጨመረውና በ229 የሚመለሰው አዲሱ ትእዛዝ ፖርቱን ብቻ ስለሚልክ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ይሁንና ሁሉም መሣሪያ አያውቀውም።

የፖርቶቹ ክልል ጠባብና የታወቀ ይሁን። ከሰርቨር ፕሮግራሞቹ ቪኤስኤፍቲፒዲ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ፖርት በሁለት መስመር፣ ፕሮኤፍቲፒዲ ሁለቱንም በአንድ መስመር ይቀበላሉ። ከ1024 እስከ 65535 ሁሉንም መክፈት ከባድ ግድየለሽነት ነው፤ በዚያው ኮምፒውተር ላይ በ3306 የሚያዳምጥ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ካለ እሱም ለዓለም ይጋለጣል። አሥር ፖርት ደግሞ ያንሳል፦ እያንዳንዱ ዝርዝርና እያንዳንዱ ፋይል የራሱን መስመር ይከፍታል፣ አንድ ተጠቃሚም ብዙ ፋይል ጎን ለጎን ሊልክ ይችላል። ሊኑክስ ለራሱ ወጪ ግንኙነቶች በተለምዶ ከ32768 እስከ 60999 ያለውን ስለሚጠቀም፣ ለመካከለኛ ሰርቨር ከ61000 እስከ 61200 ያለው ጥሩ ምርጫ ነው። ክልሉ በሰርቨሩ ማስተካከያ፣ በኮምፒውተሩ ፋየርዎል፣ በራውተሩ ወይም በክላውዱ ደንብ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ቦታ ከተዘነጋ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም።

አንዳንድ ፋየርዎሎች የ227ን መስመር ራሳቸው አንብበው ፖርቱን ለጊዜው ይከፍታሉ። ግንኙነቱ በቲኤልኤስ ሲመሰጠር ግን መስመሩን ማንበብ አይችሉም። ትናንት በደህና ይሠራ የነበረ ሰርቨር ምስጠራ በተጨመረበት ቀን የሚቆመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም ምስጠራውን ማንሣት ሳይሆን ክልሉን በቋሚነት መክፈት ነው። በፖርት 22 የሚሠራው ኤስኤፍቲፒ ሌላ ሥርዓት ነው፤ ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

ሙከራው ከውጭ ይደረግ። ከቢሮው ዋይፋይ የተሞከረ ግንኙነት በፋየርዎሉ ላያልፍ ስለሚችል፣ ላፕቶፑን በስልክ የሞባይል ዳታ ማገናኘት ይሻላል። ገብቶ ዝርዝር መጠየቅ፣ የ227ን መስመር ከሎጉ ማውጣት፣ አድራሻው የሕዝብ መሆኑንና ፖርቱ ከተከፈተው ክልል ውስጥ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ሁለት ሦስት ፋይል በአንድ ጊዜ ይላክ፣ ይውረድም።